የዓለም ትምህርት ቤትና የቤት ቋንቋ



ልጁን ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚያስብ አባት አስቀድሞ የሚጠይቀው «የትኛው ትምህርት ቤት ይሻላል?» ብሎ ነው። በከተማ ለሚኖርና በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ግን ከዚህ ጥያቄ ጋራ ሌላ ጥያቄ ተያይዞ ይመጣበታል፤ ይኸውም «ልጄ በምን ቋንቋ ይማር?» የሚል ነው። በእንግሊዝኛ ቋንቋ የሚያስተምሩና ኢንተርናሽናል ተብለው የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች በየአገሩ ዋና ከተማ እየበዙ ከመሄዳቸው የተነሣ፥ ይህ ጥያቄ የአምባሳደሮችና የባለጸጎች ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጸሐፊውም፥ የሒሳብ ሹሙም፥ የመምህሩም ጥያቄ ሆኗል። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የዕድል ሁሉ በር አድርጎ ያየዋል፤ ሌላው ደግሞ ልጅን ከአገሩና ከቋንቋው የሚነጥል አድርጎ ይፈራዋል። ከሁለቱ ወገን የትኛው እውነት እንዳለው ለመፍረድ የነገሩን ታሪክ መመርመር ይገባል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ትምህርት ቤት እንዴት እንደ ተጀመረ፥ ለተማሪውና ለቤተሰቡ ምን እንደሚሰጥ፥ በምትኩም ምን እንደሚጠይቅ በዛሬው ንግግራችን እንመለከታለን። የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ የአገራችንን ግን «ዓ.ም.» እያልን በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንናገራለን።

የልዩ ልዩ አገር ልጆች በአንድ ጣራ ሥር ይማሩ የሚለው አሳብ የዛሬ አይደለም። በ1867 በለንደን አጠገብ ኢንተርናሽናል ኮሌጅ የሚባል ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። ዝነኛው የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ቶማስ ሀክስሊም ከሥራው ተባባሪዎች አንዱ ነበሩ። የመሥራቾቹ ዕቅድ በእንግሊዝ፥ በፈረንሣይና በጀርመን እኅትማማች ትምህርት ቤቶች እንዲቆሙ፥ ተማሪውም ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወረ የየአገሩን ቋንቋ በቦታው እንዲማር፥ ሲዛወርም ትምህርቱ እንዳይቋረጥበት ነበር። ነገር ግን በ1870 ፈረንሣዮችና ጀርመኖች ጦርነት ገጠሙ። የለንደኑም ኮሌጅ ሃያ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1889 ተዘጋ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ግን ገና ጊዜው አልደረሰም ነበር ማለት ይቻላል። ሥራቸው ከአገር ወደ አገር የሚያዛውራቸው ቤተሰቦች በዚያን ዘመን ብዙ አልነበሩምና።

ጊዜው የደረሰው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ስፍራውም ጄኔቫ ነው። ጄኔቫን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። አገራችን በ1916 ዓ.ም. የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ለመሆን የበቃችው በዚያች ከተማ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1928 ዓ.ም. የተወረረችውን አገራቸውን አቤቱታ ያሰሙት እዚያው ነው። እንግዲህ የመንግሥታቱ ማኅበርና ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በጄኔቫ መሥሪያ ቤታቸውን በከፈቱ ጊዜ፥ ከብዙ አገር ጸሐፊዎች፥ አስተርጓሚዎች፥ ሐኪሞችና የሒሳብ ሠራተኞች ቤተሰባቸውን ይዘው መጡ። እነዚህ ሰዎች ነገሥታት ወይም መኳንንት አልነበሩም። መዝገብ የሚያገላብጡ፥ ደብዳቤ የሚያረቁ፥ በዛሬው ትእዛዝ እዚህ በነገው ትእዛዝ እዚያ የሚዛወሩ የቢሮ ሠራተኞች ነበሩ። ልጆቻቸው በከተማው ትምህርት ቤት ቢገቡ፥ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የተማሩት ትምህርት ከአገራቸው ፈተና ጋራ አይገጥምም፤ አገራቸው ትተዋቸው ቢመጡ ደግሞ ልጅና ወላጅ ተለያይተው ይኖራሉ።

ከነዚህ ወላጆች መካከል አሜሪካዊው አርተር ስዊትዘርና የማኅበሩ የጤና ክፍል ሹም የነበሩት ፖላንዳዊው ሐኪም ሉድቪክ ራይኽማን ይገኙ ነበር። እነርሱና ባልደረቦቻቸው አዶልፍ ፌርዬር ከሚባሉት ስዊሳዊ የትምህርት ሊቅ ጋራ ተባብረው በ1924 የጄኔቫን ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት መሠረቱ። ትምህርቱ የተጀመረው ከ10 በማይበልጡ ልጆች ነበር፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ ነበር። በዚያው በ1924 በጃፓን አገር በዮኮሃማ ወደብ የሚኖሩ የውጭ አገር ቤተሰቦች የራሳቸውን ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ከፈቱ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በኒው ዮርክ በተቋቋመ ጊዜም ሠራተኞቹ በ1947 ይህንኑ አደረጉ። አንባቢ ሆይ፥ እነዚህን ትምህርት ቤቶች ያቋቋሙት መንግሥታት ሳይሆኑ፥ ወላጆች ራሳቸው መሆናቸውን ልብ በል።

ቋንቋን በሚመለከት ነገር የዘመኑን ለውጥ መገንዘብ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የመንግሥታት መላላኪያ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። በ1919 የተፈረመው የቬርሳይ ውል ግን በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ተጽፎ ሁለቱም ትክክለኛ ሆነው ተቈጠሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ በሳይንስ፥ በአየር መንገድና በንግድ ሥራ እንግሊዝኛ እየበረታ ሄደ። ስለዚህም በኋላ የተከፈቱት ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሆኑ።

ይህን ካወቅን ዘንድ፥ ትምህርት ቤቱ ለተማሪው የሚሰጠውን ጥቅም በተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ጥቅም ትምህርቱ ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። ይህ ቀላል ነገር ይምሰል እንጂ ብዙ ድካም ጠይቋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በጄኔቫው ትምህርት ቤት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች እንደየአገራቸው ተከፋፍለው አንዱ ለስዊስ፥ አንዱ ለፈረንሣይ፥ አንዱ ለእንግሊዝ፥ አንዱም ለአሜሪካ ፈተና ይዘጋጅ ነበር። አብረው ያደጉ ልጆች በመጨረሻው ሰዓት ይበተናሉ፤ መምህራኑም አንዱን ትምህርት በአራት መልክ ለማስተማር ይገደዳሉ። ከዚህም የተነሣ መምህራኑ በ1962 የጋራ ፈተና የማዘጋጀት አሳብ አነሡ። ነገሩም አድጎ በ1968 ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚባለው ድርጅት በጄኔቫ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ዋና ዲሬክተርም ብሪታንያዊው አሌክ ፒተርሰን ሆኑ። ከዚህ ሌላ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከ1858 ጀምሮ ሲሰጠው የኖረው ፈተና አለ፤ ከርሱ የተወለደውና በ1988 የተጀመረው የኢንተርናሽናል ሁለተኛ ደረጃ ምስክር ወረቀት ዛሬ በብዙ አገር ይታወቃል። እንግዲህ አባቱ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ፥ ከናይሮቢ ወደ ቪየና ቢዛወር፥ ልጁ የጀመረውን ትምህርት በዚያም አግኝቶ ይቀጥላል። በመጨረሻም የሚይዘው ምስክር ወረቀት በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ የታወቀ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥቅም የቋንቋው ራሱ ነው። እንግሊዝኛን በሳምንት ጥቂት ሰዓት እንደ አንድ ትምህርት የሚማር ልጅ ስለ ቋንቋው ያውቃል፤ ሒሳቡንም፥ ጂኦግራፊውንም፥ ሳይንሱንም በእንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ግን በቋንቋው ማሰብ ይለምዳል። መጽሐፍ ሲያነብ እያንዳንዱን ቃል በልቡ አይተረጉምም፤ ከፍ ያለ ትምህርት ቤት ሲገባም ቋንቋው ዕንቅፋት አይሆንበትም።

ሦስተኛው ጥቅም የአስተማማሩ ስልት ነው። ከ1929 እስከ 1949 የጄኔቫውን ትምህርት ቤት የመሩት ማሪ ቴሬዝ ሞሬት የሚባሉ ፈረንሣዊት መምህርት ነበሩ። እርሳቸው ጂኦግራፊ ከአንድ አገር ካርታ ሳይሆን ከመላው ምድር እንዲጀምር፥ ታሪክም አንዱ ሕዝብ ብቻውን የኖረ ይመስል ሳይሆን የብዙ ሕዝቦች ኑሮ ጐን ለጐን እየታየ እንዲነገር አደረጉ። በ1948 ለዩኔስኮ በጻፉት ጽሑፍም ይህን የሃያ ዓመት ልምዳቸውን ገለጹ። ይህ መንፈስ በኋላ በኢንተርናሽናል ባካሎሬት ገብቷል። በዚህ ትምህርት የሚመረቅ ተማሪ በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት የትምህርት ዓይነቶች ያጠናል። ከስድስቱም ሌላ እስከ 4000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ በራሱ ድካም ያዘጋጃል፤ ዕውቀት ራሱ በምን እንደሚረጋገጥ የሚመረምር ትምህርት ይማራል፤ ለሰፈሩ ሕዝብም የሚጠቅም አገልግሎት ይሠራል። እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት ቢበዛ 7 ነጥብ አለው፤ ምርምሩና የዕውቀት ትምህርቱ ቢበዛ 3 ነጥብ ይጨምራሉ፤ ድምሩም 45 ይሆናል። በቃል ሸምድዶ ከመድገም ይልቅ መጠየቅን፥ ማስረጃ መፈለግንና አሳብን በሥርዓት መጻፍን የሚያስለምድ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለው ልማድ ለቢሮ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም አንባቢው ከራሱ ሥራ ያውቀዋል።

አራተኛው ጥቅም ጓደኝነት ነው። ከልዩ ልዩ ሃይማኖት፥ ከልዩ ልዩ ቀለምና ከልዩ ልዩ አገር ልጆች ጋራ ምሳውን የበላና ኳስ የተጫወተ ልጅ፥ ሲያድግ የውጭ አገር ሰው ባየ ጊዜ አይፈራም፥ አይመጻደቅም፥ ራሱንም ዝቅ አያደርግም።

ለቤተሰቡም የሚሰጠው ጥቅም አለ። ቤተሰቡ ባለመለያየቱ አባት፥ እናትና ልጅ አንድ ላይ ይኖራሉ። አዲስ ከተማ የገባች እናት ዘመድ በሌለበት አገር የመጀመሪያዎቹን ወዳጆች የምታገኘው በትምህርት ቤቱ በር ላይ ነው። ልጆቻቸውን በዋሽንግተን ወይም በለንደን አሳድገው ወደ አዲስ አበባ ለሚመለሱ ኢትዮጵያውያንም፥ በእንግሊዝኛ ማንበብ የለመደው ልጃቸው ሳይደናገር ትምህርቱን የሚቀጥልበት ስፍራ ይሆናል። ከዚህም በላይ እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከመጀመሪያው በወላጆች የተቋቋሙ በመሆናቸው፥ በብዙዎቹ ዘንድ ወላጅ በቦርድ ውስጥ ይቀመጣል፥ ይጠይቃል፥ ይመክራል። ወላጅ ክፍያ ከፍሎ የሚሄድ እንግዳ ብቻ ሳይሆን የትምህርቱ ተካፋይ የመሆን ልማድ ከዚህ ይገኛል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በባዕድ ቋንቋ የማስተማር ነገር ለኛ እንግዳ አይደለም። በ1901 ዓ.ም. የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራኑን ከግብጽ አምጥቶ ፈረንሳይኛ፥ እንግሊዝኛና ጣልያንኛ ያስተምር ነበር። በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት የበላይነት የነበረው ፈረንሳይኛ ነበር፤ የባቡሩም፥ የዲፕሎማሲውም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበርና። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከተባረረ በኋላ ግን እንግሊዝኛ ቦታውን ያዘ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ ከርሱም ቀጥሎ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት፥ በ1943 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሁሉም በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ነበሩ። ክሪስቲን ሳንድፎርድ የሚባሉት እንግሊዛዊት የመሠረቱት የእንግሊዝ ትምህርት ቤትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሲዮን በ1951 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ሲጀምር፥ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም በግንቦት 1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፥ ጄኔቫ በ1924 ያየችውን አዲስ አበባ አየች፤ ማለት ከየአገሩ የመጡ ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩበት ፈለጉ። በ1964 በአውሮፓ አቆጣጠር የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት ተብሎ የተቋቋመውና ዛሬ ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት የሚባለው የዚህ ዘመን ልጅ ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ጐልቶ ይታያል። የዓለም ቋንቋ ይለዋወጣል። የአያቶቻችን የዓለም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ የአባቶቻችንና የኛ እንግሊዝኛ ሆነ፤ የልጅ ልጆቻችን ምን እንደሚሆን ማንም ሊምል አይችልም። የማይለዋወጠው እናት ከልጅዋ ጋራ የምትነጋገርበት ቋንቋ ነው። ይኸውም አማርኛም ቢሆን፥ ኦሮምኛም ቢሆን፥ ትግርኛም ወይም ሌላ ቢሆን ያው ነው።

እዚህ ላይ ወደ ጥያቄው ሥር ደረስን። በጄኔቫና በኒው ዮርክ ትምህርት ቤት የገቡት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ከአገራቸው ውጭ የሚኖሩ የውጭ አገር ልጆች ነበሩ። በዘመናችን ግን ነገሩ ተገልብጧል። በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች የሚማሩት አብዛኞቹ ልጆች በገዛ አገራቸው ከወላጆቻቸው ቤት እየተመላለሱ የሚማሩ ናቸው። ለተዛዋሪው ሠራተኛ ልጅ ትምህርት ቤቱ የተቋረጠውን የሚቀጥል ድልድይ ነበር። በገዛ አገሩ ለሚኖር ልጅ ግን ጥንቃቄ ካልተደረገ ድልድዩ መለያያ ሊሆን ይችላል። ልጁ በእንግሊዝኛ ሲናገር ቤተሰቡ ደስ ይለዋል፤ እንግዳ ሲመጣም ያናግሩታል። ነገር ግን አያቱ ከገጠር የላከችለትን ደብዳቤ ማንበብ ያቅተዋል፤ ለቅሶ ቤት ሲሄድ የሚናገረውን ቃል ያጣል፤ በቀበሌና በፍርድ ቤት የሚጻፈውን ማመልከቻ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። አንድ ቀን የአገሩን ሕዝብ ማስተዳደር ቢያስፈልገው፥ ሕዝቡን የሚያነጋግርበት ቋንቋ ከሕፃንነቱ አልፎ አላደገም። ይህ እንግዲህ አባቶቻችን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብለው የተረቱት መሆኑ ነው።

ይህ ጉዳት ግን የግድ የሚደርስ አይደለም። በካናዳ በሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ሰፈር የሚኖሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻቸው ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ በፈረንሳይኛ እንዲማሩላቸው ጠየቁ። በ1965ም 26 ልጆች እንዲህ ባለው ክፍል ገቡ። ዋላስ ላምበርት የሚባሉ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ሊቅ ልጆቹን ለብዙ ዓመት ተከታትለው መረመሩ። ልጆቹ ፈረንሳይኛን ከፍ ባለ ደረጃ አወቁ፤ የእንግሊዝኛቸውም ዕውቀት አልጐደለም። ምክንያቱም እንግሊዝኛቸው በቤት፥ በመንገድ፥ በመጽሐፍና በጋዜጣ የተከበረ ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። ላምበርት በኋላ እንዳስረዱት፥ ሁለተኛው ቋንቋ በመጀመሪያው ላይ ሲደረብ ልጁ ይከብራል፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አባርሮ ሲገባ ግን ልጁ ይጐዳል።

ሌላው የካናዳ ሊቅ ጂም ከሚንስም በ1979 አንድ ጠቃሚ ነገር ለይተው አሳዩ። ልጅ ከጓደኞቹ ጋራ ለመጫወት የሚበቃውን ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ይይዛል፤ ለትምህርት የሚያስፈልገውን፥ ማለት ታሪክ የሚተነትንበትንና የሳይንስ አሳብ የሚያስረዳበትን ጥልቅ ቋንቋ ለመያዝ ግን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። በመጀመሪያው ቋንቋ ያገኘው ጥልቀትም ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። ስለዚህ በአማርኛ ታሪክ ተርኮ፥ ምክንያት አቅርቦ፥ ነገር መዝኖ የሚያውቅ ልጅ ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛው ይዞት ይገባል። በእናቱ ቋንቋ ባዶ የሆነ ልጅ ግን ወደ ሁለተኛው ቋንቋ ይዞት የሚሻገረው ስንቅ የለውም።

የአገራችን ደራስያን ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ከበደ ሚካኤል የሚስዮንና የፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበሩ፤ ሆኖም ከባዕድ ቋንቋ ያገኙትን ዕውቀት በአማርኛ ለወገናቸው አካፈሉ፤ የሼክስፒርንም «ሮሜዎና ዡልዬት» በአማርኛ አቀረቡልን። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ዘመናዊ ትምህርታቸውን የተማሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛም ቴአትር ጽፈዋል። ነገር ግን ግዕዝን ገና በልጅነታቸው የቀመሱ ስለ ነበሩ «ሐምሌት»ንና «ኦቴሎ»ን በተመልካች ልብ ውስጥ የሚያስተጋባ አማርኛ አለበሷቸው። እንግሊዝኛ ለነዚህ ሰዎች መስኮት ነበር፤ ቤቱ ግን የራሳቸው ነበር። ቤት የሌለው ሰው መስኮት ቢሰጡት የት ያስገባዋል?

አሁን እጅግ የሚያስደንቀውን ነገር ልንገራችሁ። የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት መሥራቾች ራሳቸው ይህን ያውቁ ነበር። ከኢንተርናሽናል ባካሎሬት ስድስት የትምህርት ምድቦች መካከል በመጀመሪያው ቦታ የተቀመጠው ሒሳብ ወይም ሳይንስ አይደለም፤ ተማሪው አብልጦ በሚያውቀው ቋንቋ፥ ማለት እንደ ልማዱ በእናቱ ቋንቋ፥ የሚማረው ሥነ ጽሑፍ ነው። የባዕድ ቋንቋ ሁለተኛው ነው። ለቋንቋው መምህር ያልተገኘለት ተማሪ እንኳ በትምህርት ቤቱ ረዳትነት የገዛ ቋንቋውን ሥነ ጽሑፍ በራሱ እያጠና የሚፈተንበት መንገድ ተከፍቶለታል። እንግዲህ የእናት ቋንቋን የሚንቅ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ካለ፥ ስሙን ያዘ እንጂ የመሥራቾቹን አሳብ አልያዘም ማለት ነው።

ስለዚህ ልጁን ወደ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ለማስገባት የሚያስብ ወላጅ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት አምስት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፥ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለየትኛው ፈተና ያዘጋጃል? የፈተናውስ ባለቤት ማን ነው? በሰሌዳ ላይ «ኢንተርናሽናል» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ምስክር ወረቀቱን የሚያውቁት እነማን እንደ ሆኑ ማወቅ ግን ይገባል። ሁለተኛ፥ ትምህርት ቤቱን ከውጭ መጥቶ የሚመረምረው ማን ነው? ሦስተኛ፥ መምህራኑ በምን የሠለጠኑ ናቸው? ስንት ዓመትስ ይቆያሉ? በየዓመቱ መምህር የሚለዋወጥበት ትምህርት ቤት ልጁን አያውቀውም። አራተኛ፥ የእናት ቋንቋ በሳምንት ስንት ሰዓት ይሰጣል? የሚሰጠውስ በዋናው ጊዜ ነው ወይስ ልጆች ደክመው ቤታቸው ሊሄዱ ሲሉ ነው? በልጅ ፊት የሚከበረው ትምህርት የተከበረ ሰዓት የተሰጠው ነው። አምስተኛ፥ ክፍያውን እስከ መጨረሻው ክፍል መቀጠል ይቻላልን? ልጅን በመካከል አውጥቶ ወደ ሌላ ሥርዓት ማዛወር፥ ትምህርት ቤቱ የተፈጠረለትን ዋናውን ጥቅም፥ ማለት ያለመቋረጥን፥ ያፈርሰዋልና። ደመወዙ የማይፈቅድለት ወላጅም አይዘን። በመንግሥት ትምህርት ቤት በእናቱ ቋንቋ በደንብ ተምሮ፥ እንግሊዝኛንም በትጋት ያጠና ልጅ፥ በኋላ የዓለምን በር ለመክፈት የሚበቃ መሠረት አለው።

የቀረው ሥራ የቤት ሥራ ነው። ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ይሰጣል፤ አማርኛን በአማርኛነቱ የሚሰጠው ግን በዋናነት ቤት ነው። አባት ከቢሮ ሲመለስ ጋዜጣውን ለብቻው ከሚያነብ ይልቅ አንዱን ዓምድ ልጁ ጮኽ ብሎ እንዲያነብለት ቢያደርግ፥ በወር አንድ ጊዜ ለአያቱ ደብዳቤ በራሱ እጅ እንዲጽፍ ቢያስለምደው፥ እናትም ተረቱንና እንቆቅልሹን ብታጫውተው፥ ልጁ በቀን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ የማይገዛ ሀብት ያገኛል። ከሁሉ በላይ፥ ልጁ በእንግሊዝኛ ሲጠይቀው አባት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ከመመለስ በጠራ አማርኛ ይመልስለት። ልጅ ቋንቋን የሚያከብረው ወላጁ ሲያከብረው አይቶ ነው።

በ1924 በጄኔቫ የተሰበሰቡት እነዚያ የቢሮ ሠራተኞች የፈለጉት ልጆቻቸው ዓለምን እንዲያውቁ፥ ግን ከወላጆቻቸው እንዳይለዩ ነበር። አብሮ መኖር ማለት በአንድ ቤት ማደር ብቻ አይደለም፤ በአንድ ቋንቋ መግባባትም ነው። በእንግሊዝኛ የሚያስተምረው ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ለልጃችን ብዙ በር የሚከፍት ቁልፍ ይሰጠዋል፤ ይህን ማንም ሊክድ አይገባውም። ወጥቶ የሚመለስበትን የገዛ ቤቱን በር ግን እኛው ወላጆቹ ክፍት አድርገን እንጠብቀው።